አራት ጣት

በነሐሴ ጭጋግ ዳገቱን ወጣሁኝ፣
ቀይ ቀለም፣ ብሩሽና ሜትር ይዣለሁኝ።
ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለው፦
«የጦሳ ግርጌ አፈር እየተንሸራተተ ነው፤
ምልክት ያረፈበት ቤት በሳምንት ይልቀቅ» የሚለው።

ጦይባ እንድሬ ደጇ ላይ ከድንጋይ ተቀምጣ፣
አየችኝ ስመጣ።
«ቀስ» አለች፣ «ጫማሽን ከደጅ አውልቂ፤
ምጥ የያዛትን ሴት አትንኪ ሳትጠይቂ።»

ማን ናት ያማጠችው? ቤቱን ገርመም አደረግሁ፤
ከመደብ፣ ከሰሌን፣ ከአንድ ድመት በቀር ምንም አላየሁ።
በመዳፏ መታ መታ አደረገች ወለሉን፣
ፈረስ እንደሚያባብል ሰው፣ መሬቱን።
«እሷ ናት።»

ስንጥቁ ከምድጃው ተነሥቶ በግድግዳው ወጥቶ፣
ጓሮ ያለውን ኮሶ ሥሩን ለሁለት ከፍቶ፣
ቁልቁል ይወርዳል፣ ወደ ቦርከና አፉን አቅንቶ።
ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ሰባት ሳንቲ ተኩል።
እሷ ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን አስገባች፣ በዝግታ፣ በእኩል፤
«አራት ጣት» አለች። «ትናንት ሦስት ነበር።
ቸኮለች፤ ድሮ እንዲህ አልነበር።»

ኮሌጅ የተማርኩትን ልነግራት ጀመርሁ፦
ሸክላው ውሃ ጠጥቶ፣ ደኑ ተመንጥሮ፣ ተረተሩ ለመንገድ ተቆርጦ አልሁ፤
ሰማችኝ፣ ጨረስሁ።
«ልክ ነሽ» አለች። «ግን ጆሮሽን ጣይባት።»
በደረቴ ተኛሁ፣ ጆሮዬን ጣልሁባት።
መጀመሪያ የራሴ ደም፤
ቀጥሎ ዝም፤
ከዝምታው ሥር ግን ውሃ ይንፏቀቃል፣
ድንጋይ ለድንጋይ ሾልኮ፣ ቆም ይልና ይስቃል።
«የእንሽርት ውሃዋ ነው» አለች፤ «ሰምተሻል።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሕፃን ተቀብላ፣
እንግዴ ልጃቸውን በጨርቅ ጠቅልላ፣
የቀበረችው እዚሁ ነው፣ በዚህ ዳገት።
ጣቷን ቀሰረች፣ ቆጠረችልኝ በተራ፣ አንድ በአንድ፣ ያለ ስህተት፦
«ከወይራው የአንሻ መንትዮች፤ ከቀጋው ሥር የማንጠግቦሽ ታላቅ፤
ከድንጋዩ ጎን ደግሞ ሳያለቅስ የሄደው፣ ስሙ የማይታወቅ።
ይቺ መሬት አንዱንም ‹የማን ነህ› አላለችም፣
ከተቀበለች ወዲህ ግን ረስታቸው አታውቅም።
አንቺ ከኮሶው።»

ብሩሹን ረሳሁት። «እኔ?» «ታዲያ ሌላ ማነው?
መብራት የጠፋ ለት፣ በኩራዝ፣ በእግርሽ መጣሽ፤
እልኸኛ ነበርሽ፤ እናትሽን እንዳታሳጪን ፈርቼ ጎትቼ አወጣሁሽ።»
እናቴ አልነገረችኝም። ኮምቦልቻ ወርዳ፣ በጨርቃ ጨርቁ ሃያ ዓመት ክር ስትቀጥል፣
ስለዚህ ሰፈር ስጠይቃት «ዳገት ነው፤ ያደክማል» ነበር የምትል።

ሲመሽ ሴቶቹ መጡ፤ አንሻ፣ ማንጠግቦሽ፣ የሸህ ይማም ልጅ፣
ቆሙ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ፣ ዘርግተው እጅ።
ጦይባ «ያ ረቢ፣ አገላግላት በሰላም» ስትል፣
ማንጠግቦሽ ጎንበስ ብላ ለአፈሩ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አለች፣ ድምጿ ሲቃ ሲል።
እኔ መካከል ቆሜ፣ ቀለሙ በግራ እጄ፣
አሚን አልሁ ወይስ አሜን፤ አላውቅም፣ ከሁለቱ አንዱን፣ ወድጄ።

«ትሄጃለሽ?»
«እሄዳለሁ እንጂ። አዋላጅ መንገድ አይዘጋም፤
ልጅ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚከራከር የለም።»
ቀለሙን ተቀብላኝ በሯን ራሷ ቀባች፣
በጣቷ፣ በብሩሹ አይደለም፤ አራት መስመር አወጣች።

በማግሥቱ ቢሮ ቅጽ ሞላሁ፦ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የባለቤት ስም፤
«የስንጥቅ ስፋት» የሚል አለ፤ በሳንቲ ሜትር ይሞላል፣ ባዶ አይተውም።
«አራት ጣት» ብዬ ጻፍሁ።
ኃላፊው ብዕሩን አንሥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።
ውጭ ይዘንብ ነበር፤ እግሬ ሥር፣ ከሲሚንቶው በታች፣ ውሃ ሰማሁ መሰለኝ።